መርዶ ነጋሪው

በወረታና በዙሪያዋ ባሉ የፎገራ ቀበሌዎች ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ መጻፍ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ድንኳን ተካዩ ወደ ዕቃ ቤት፣ መቃብር ቆፋሪው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ወደ ሟቹ ቤት እሄዳለሁ። ክፍያ የለውም፤ ግን ሙያ ነው። ሙያነቱ ከሁሉ የጎላልኝ አብሮ አደጌና የዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኛዬ የነበረውን ሰው በቀበርንበት ጊዜ ስለሆነ፣ ስለ ሥራው የማምንበትን የምናገረው በእሱ በኩል ነው።

የቀብር የሕይወት ታሪክ ቅርጹ የታወቀ ነው። «ከአባቱ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ ይነሣል፤ የትውልድ ቀበሌውን ይጠራል፤ «ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ» ይልና ትምህርት ቤቶቹን ይደረድራል፤ ሥራውን፣ ትዳሩን፣ ልጆቹን ቆጥሮ «ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል» ላይ ይደርሳል። ወጣቶች ይህን ደረቅ ነው ይሉታል። እኔ አልስማማም። ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ፀሐይ ላይ የቆመ ሕዝብ ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቀው ልቡ ያርፋል። «ባደረበት ሕመም» የምትለው ሐረግ ደግሞ ስንቱን ቤት ከሐሜት ሸፍናለች! የበሽታው ስም ለቀባሪ አይጠቅምም፤ ለሚቀሩት ልጆች ግን ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ይኖራል። ይህቺን ሐረግ ነክቻት አላውቅም።

የምነካው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው መዝጊያው ነው። ብዙ ጸሐፊ «ሥርዓተ ቀብሩም ወዳጅ ዘመዶቹ በተገኙበት ተፈጽሟል» ብሎ ይጨርሳል። ሬሳው ገና አፈር ሳይለብስ፣ እናት ሳጥኑን አቅፋ እያለች «ተፈጽሟል» ተብሎ ይነበባል። ይህ ነገ ለሚያነብ ሰው የተጻፈ የጋዜጣ ዐረፍተ ነገር ነው። ፊቱ ላይ መቃብር ተከፍቶ ለቆመ ሰው «አሁን አብረን አፈር እናለብሰዋለን» ማለት ይበቃል። ሁለተኛው «ሰው አክባሪ፣ ተግባቢ፣ ሥራ ወዳድ» የሚለው ነው። ሦስቱም ለማንም ይሆናሉ፤ ለማንም የሚሆን ቃል ማን እንደጎደለብን አይነግረንም። በእነሱ ፋንታ ሰውየው የሠራውን አንድ ነገር አስቀምጣለሁ፤ የት፣ መቼ፣ ለማን እንደሠራው። ሁለትና ሦስት ሲሆን ሰሚው ይበተናል፤ አንዱ ግን ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ይሆናል።

ሌሊቱን የሚበላው ያንን አንድ ነገር ማግኘት ነው። ገጠር ውስጥ ሬሳ ብዙ አይቆይም፤ ማታ የሞተ ሰው በማግስቱ ይቀበራል። አንዳንዴ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ልጅ ይጠበቃል፤ ያኔ ፋታ አገኛለሁ። መጀመሪያ እንደማንኛውም ለቀስተኛ ገብቼ «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ እቀመጣለሁ፤ ወረቀት አላወጣም። ሚስቲቱን አልጠይቅም። የሚጠየቁት ታላቅ ወንድም፣ አክስት፣ የክርስትና አባት፣ ወንፈል አብሮ የገባ ጎረቤት ናቸው። የልደት ዓመት የተጻፈበት ቤት ጥቂት ነው። «በሰባ ሰባት ድርቅ ጡት ይጠባ ነበር» ትላለች አክስት። «ኮሪያዎቹ ሩዝ ሊያስዘሩ የመጡ ጊዜ ጥጃ ይጠብቅ ነበር» ይላል ጎረቤት። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በ1970ዎቹ በእኛ ሜዳና በአጎራባቹ ደራ፣ ጅግና ላይ፣ ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ አስተዋውቀው ስለነበር እኛ አገር ዕድሜ በሩዝም ይቆጠራል። ከዚያ ተነሥቼ ዓመቱን አወጣለሁ።

የልጆች ስም ዝርዝር ከዓመተ ምሕረት ይከብዳል። ከትዳር በፊት የተወለደ፣ ሌላ ከተማ ያደገ፣ አባቱን አልፎ አልፎ ብቻ ያየ ልጅ ሊኖር ይችላል። ስሙ ካልተጠራ በአገር ፊት አባት አልነበረህም ተብሏል ማለት ነው፤ ቤቱ ሳይሰናዳ ከተጠራ ደግሞ ለቅሶው ጠብ ይሆናል። ይህን ብቻዬን አልወስንም። ሁለት ሽማግሌ ጠርቼ ጓዳ ገብተን እንነጋገራለን። ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትፈቅደው ሚስቲቱ ራሷ ናት፤ «ልጁ ምን አጠፋ፣ ጥሩት እንጂ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ በዕድሜ ብቻ ነው። ማን ከየት ተወለደ ብሎ የሚለይ አንድም ቃል አይገባበትም።

የጓደኛዬን ሞት የሰማሁ ሌሊት ይህ ሁሉ አላስቸገረኝም። እናት አባቱን፣ ቀበሌውን፣ ልጆቹን ጠንቅቄ አውቃለሁ። የቆምኩት የትምህርቱ መስመር ላይ ነው። «በዓለማያ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ተከታትሎ በዕፅዋት ሳይንስ በዲግሪ ተመርቋል።» እውነት ነው፤ ግን እሱን እሱ ያደረጉት ዓመታት በሙሉ ያቺ መስመር ውስጥ ተጠቅልለው ገብተዋል። ቤተሰቡ ከእሷ በላይ አንዳች አያውቅም። ልጃቸው ከወረታ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ፤ ዲግሪ ይዞ ተመለሰ። በመካከል የሆነው ያለው እኛ የዶርሙ ልጆች ዘንድ ብቻ ነው።

ዛሬ ሐረማያ የሚባለው ዓለማያ ከወረታ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ባሕር ዳርን፣ ጎጃምን፣ ዓባይ በረሃን አልፈን አዲስ አበባ እናድራለን፤ ከዚያ ደግሞ የሐረርጌን ተራሮች እንወጣለን። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ሜዳውን የሚወርስበት አገር ልጆች ነንና ግቢው ሐይቅ ዳር መሆኑ አጽናንቶን ነበር። ያ ሐይቅ ኋላ ዓይናችን እያየ ደረቀ። የዶርሙ አልጋ ተደራራቢ ነበር፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች።

በዚያን ጊዜ ደብዳቤ ከእኛ አገር እስከ ሐረርጌ ሲደርስ ሳምንታት ያልፉታል። ቤተሰብ ላይ ሞት ሲደርስ ደብዳቤው ለልጁ አይጻፍም፤ ለአገሩ ልጅ ይጻፋል፤ «ፈተናውን ሲጨርስ አስታግሠህ ንገርልን» ተብሎ። ይህ ዓይነቱ ደብዳቤ ከጎንደርም ከጎጃምም ከወሎም የሚመጣው ለእሱ ነበር። አንዴ በወጉ ስላደረገው ስሙ ከአንዱ ወላጅ ወደ ሌላው ተዛምቶ፣ ፊቱን አይተውት የማያውቁ ሰዎች የልጃቸውን ልብ አደራ ይሰጡት ጀመር። ደብዳቤውን አንብቦ ኪሱ ይከተዋል። ልጁ ፈተና ላይ ከሆነ እስኪጨርስ ድረስ አብሮት ያጠናል፣ አብሮት ይበላል፣ ሲስቅ ይስቃል። በጎን ከየዶርሙ የመሳፈሪያ ገንዘብ ያዋጣል። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ የልጁን ወዳጆች ሰብስቦ በሩን ያንኳኳል። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው፤ በሩ ላይ ብዙ ሰው ያየ ልጅ ግማሹን ሳይነግሩት ይረዳዋል። እሱ ቀድሞ ገብቶ አልጋው ላይ ይቀመጣል፤ እጁን ይይዘዋል፤ ስሙን ጠርቶ ይነግረዋል። አያስረዝምም። «አባትህ ዐርፈዋል። በወግ ተቀብረዋል። እኛ አለን።»

የአባቴን መርዶ የነገረኝ እሱ ነው። ደብዳቤው እጁ ከገባ በኋላ ፈተናው እስኪያልቅ ካፌ ውስጥ ፊት ለፊቴ እየተቀመጠ በልቷል። በዚያ ሰሞን ሥጋ በሚቀርብበት ቀን የራሱን ድርሻ ወደ ሳህኔ ሲያዞር «ምን ሆነሃል?» ብዬው ነበር። «ጥርሴን አሞኛል» አለኝ። ጥርሱ ደህና እንደነበረ የገባኝ ያን ንጋት ነው።

በሕይወት ታሪኩ ውስጥ መግባት ያለበት ይህ መሆኑን ወዲያው አላወቅሁም፤ የባቻችን ልጆች ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ ሲደርሱ የሚሉትም ሌላ ነበር። «ብላቴን ጻፈው» አሉኝ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪው ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ ተወስዷል። ግንቦት ላይ መንግሥቱ ሲፈርስ ካምፑ ተበተነ፤ ብዙ ተማሪ ወደ ደቡብ ተጉዞ ኬንያ እስከ መግባት ደርሷል።  የዘመኑ ተማሪ ሁሉ ስለ ብላቴ ሲያወራ ያድራል፤ የእኛም ልጆች በዚያ ሌሊት ድንኳን ውስጥ እንዲሁ አደሩ። ማን ጫማው ተቀዶ እንደነበር፣ ማን ውሃ እንዳካፈለ፣ ማን በመንገድ እንደታመመ።

ሰማኋቸው፤ ግን ብላቴን በአንድ ዐረፍተ ነገር አለፍኩት። ብላቴ የሁላችንም ነው። ቀብር ላይ ዘመኑን መተረክ ከጀመርን ሰውየው ዘመኑ ውስጥ ይሰምጣል። ሺህ ሰው አንድ ዓይነት መከራ ያየበትን ቀን ትቼ እሱ ብቻ ያደረገውን መያዝ ነበረብኝ። ከባቹ አንዱ በዚህ ተቀይሞኛል። ቅያሜውን አከብርለታለሁ፤ ውሳኔዬን ግን ዛሬም አልለውጠውም።

የተማሪ ቀብር በዘመን ሲዋጥ አገራችን ከዚህ በፊትም አይታለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. በጥይት ተመትቶ ሲሞት ጓደኞቹ በማግስቱ አስከሬኑን ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ አምጥተው ከበቡት። የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኮሱ፤ ሌሎች ተማሪዎችም ሞቱ። አስከሬኑ ማይጨው ተወስዶ ተቀበረ። ያ ቀን በተማሪው ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው፤ ሊኖረውም ይገባል። እኔ ግን ስለዚያ ቀን ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ አስከሬኑን ከብበው ቆመው ለጓደኛቸው ለማልቀስ እንኳ ጊዜ ያላገኙት ናቸው። ዘመን ለታሪክ ጸሐፊ ይተው። ጓደኛ ቀብር ላይ የቆመው ለሌላ ሥራ ነው።

ይህን ሥራ ከእኔ በፊት ጠንቅቀው የሚያውቁት የአገራችን አልቃሾች ናቸው። አልቃሽ ለቅሶ ቤት ስትደርስ ዝም ብላ አትጀምርም፤ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ዝቅ ባለ ድምፅ ትጠይቃለች፤ በምን ይታወቅ ነበር? ምን ይወድ ነበር? የቀረችው ማን ናት? መልሱን ሰብስባ ሙሾ ስታወርድ እኔ አንድ ገጽ የሚፈጅብኝን በሁለት ስንኝ ትጨርሰዋለች። ምን መጠየቅ እንደሚገባኝ የተማርኩት ከእነሱ ነው። በጓደኛዬ ቀብር የመጡት አልቃሽ የያዙት የ1998ን ጎርፍ ነበር። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው፣ ጣናም ከፍ ብሎ፣ ፎገራና ሊቦ ከምከም በውሃ ተጥለቀለቁ፤ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ጓደኛዬ የወረዳው የግብርና ባለሙያ ነበርና ሌሊት ጭቃውን እየጣሰ፣ ከቤት ቤት እያንኳኳ ሰው ሲያስወጣ አድሯል። አልቃሿ ይህን ይዘው እንዲህ አሉ፦

ጎርፍ መጣ እያለ አገር ያነቃ ሰው፣
ዛሬ አገር ቢጮህ ማንስ ይቀስቅሰው።

ሜዳው ሙሉ ሰው አነባ። ጎርፉን ሁሉም ያውቀዋል፤ እሱ ያንኳኳላቸው ሰዎች እዚያው ቆመው ነበር። እኔም በዚያው ቅጽበት ሥራዬ ምን እንደሆነ ለየልኝ። አገር የሚያውቀውን አልቃሿ ይዘውታል፤ እኔ የምይዘው አገር የማያውቀውን ነው። ፎገራ ላይ በሌሊት በር ያንኳኳው ሰው ማንኳኳትን የለመደው ዓለማያ ዶርም ውስጥ ነው። ይህን የሚመሰክር ከእኛ ሌላ የለም።

የሥራ ዘመኑን በአጭሩ ጻፍኩት። ሩዝ ላይ ኖሯል፤ ገበሬው ኤክስ-ጅግና የሚለውን ዝርያ ከሚመርጥበት ምክንያት ጀምሮ፣ ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ላይ ጓያና ሽምብራ እስከሚዘራበት ድረስ፣ ማሳ ውስጥ ሱሪውን ሰብስቦ የሚገባ ሰው ነበር። የዛሬው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወረታ ላይ ሳይቆም ብዙ ነገር በእሱ ዓይነት ሰዎች እግር ነው የተሠራው። ይህ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሆነ። ገበሬዎቹ ከዚያ በላይ ያውቁታልና አላስረዘምኩም።

አጻጻፉ ላይ አንድ ክርክር ነበር። ሽማግሌዎቹ ሰውየው የተማረና የተከበረ ነውና «ተወለዱ፣ ተማሩ» ተብሎ ይነበብ አሉ። ባቾቼ «ተወለደ» ይባል አሉ። እናቱ በሕይወት አሉና እሳቸውን ጠየቅናቸው። «አንቱ ብላችሁ ልጄን አታርቁብኝ» አሉ። በዚህ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲህ እናት በቆመችበት ቀብር ሁሉ፣ ሟቹ የቱንም ያህል ሹም ቢሆን፣ መጀመሪያ የምጠይቀው እናትን ነው።

ለንባብ የሚሆን ወረቀት ለዓይን ከሚሆን ወረቀት ይለያል። ፊደሉ ትልቅ መሆን አለበት፤ ዓይን እንባ ሲሞላ ትንሽ ፊደል ይጠፋል። ዐረፍተ ነገሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ይሁን። ሜዳችን ላይ ነፋሱ ድምፅ ይወስዳል፤ የእድሩ ድምፅ ማጉያም ባትሪው የሚያልቀው ያን ቀን ነውና ያለ እሱ እንደማነብ ቆጥሬ እጽፋለሁ። በክረምት ወረቀቱን ላስቲክ ውስጥ አደርገዋለሁ። ሁለተኛ ቅጂ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ ድምፄ ከተቋረጠ ካቆምኩበት ይቀጥላል። ርዝመቱ ፍትሐቱን ያደረሱት ካህናት ሳይሰለቹ፣ አረጋውያኑ ቁጭ ማለት ሳያምራቸው የሚያልቅ ነው። በእኛው ወረዳ አውራምባ ያሉ ሰዎች ለቅሶ አያስረዝሙም፤ ቀብረው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የእኛ ወግ ከእነሱ ይለያል፤ ግን ከእነሱ አንድ ነገር ወስጃለሁ፤ ሐዘን በቃል ብዛት አይለካም።

የመርዶውን ታሪክ ስጽፍ የማንንም ስም አላነሣሁም። መርዶ የተነገረው ልጅ ንጋቱ የራሱ ነው፤ እሱ ሳይፈቅድ አደባባይ አይወጣም። ስለዚህ የራሴን ብቻ ነገርኩ፤ ደብዳቤውን፣ ካፌውን፣ የጥርሱን ሰበብ፣ የበሩን መንኳኳት። ሳነብ ከለቀስተኛው መካከል እዚህም እዚያም ጎልማሳ ወንዶች ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሲስቡ አየሁ፤ የእኛ ባች ብቻ አልነበሩም፤ ከእኛ በኋላ የገቡም ነበሩ። ልጆቹ ዘወር ብለው እያንዳንዱን ያዩ ጀመር። አባታቸው የት የት እንደነበረ ያን ጊዜ በሰው ፊት ላይ አነበቡት።

አፈር ከለበሰ በኋላ እናቱ አስጠሩኝ። «ይኸን አንድም ቀን አልነገረኝም» አሉ።

«ለማን ይናገራል፣ እማማ፤ አደራ እኮ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያ ወረቀቱን ለልጆቹ ስጣቸው» አሉኝ። ወረቀቷ ታላቅ ልጁ ዘንድ ዛሬም አለች።

ሙያዬን በዚህ ሥራ ለሚተኩኝ ወጣቶች ሳስተምር የማጠብቀው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ «ተምሮ ተመረቀ» የምትለው መስመር ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ቤተሰቡ ከሚያውቀው ሰው ይልቅ የማያውቀው ሰው ያለው እዚያ ነው። በዚያው ሌሊት የዶርሙን ልጅ፣ የባቹን ልጅ ፈልጋችሁ ደውሉለት። ሲያነሣ «እንዴት ያለ ሰው ነበር?» አትበሉት፤ መልሱ «ሰው አክባሪ» ነው። «ለአንተ ምን አደረገልህ?» በሉት። ዝም ይላል፤ ጠብቁት፤ ከዚያ ይናገራል።

ለእናንተም፣ ከአንድ ዶርም ወጥታችሁ በየአገሩ ለተበተናችሁ፣ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ውጭ አገርም ላላችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። የጓደኛችሁን ሞት ስትሰሙ ለቀብሩ መድረስ ላትችሉ ትችላላችሁ። የአበባ ጉንጉን ከመላካችሁ በፊት የሕይወት ታሪኩን ማን እንደሚጽፍ ጠይቁና ስልኩን ያዙ። ቤተሰቡ የማያውቀውን፣ እናንተ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ንገሩት፤ የትና መቼ እንደሆነ ጨምራችሁ። ሌሊት ነው ብላችሁ አትተዉት፤ የሚጽፈው ሰው በዚያ ሌሊት አይተኛም፤ ያነሣል።